ባሕር የሌለን ሰዎች በባሕር ወለል ላይ ድርሻ አለን እንዴ?

ባትሪ ሾፌር

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው የመጣሁት። በኤሌክትሪክ መኪና መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። ያው በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙም ምርጫ አልነበረኝም። ግን አልጠላሁትም፣ የማደያ ሰልፍ ቀርቶልኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ፣ አለበለዚያ ይምታታብናል።)

ትናንት ማታ ከቦሌ አንድ ሰውዬ ጫንኩ። ሻንጣ የያዘ፣ ረጋ ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ። መኪናው ድምፅ እንደሌለው ሲያይ "ባትሪው ከምን እንደተሠራ ታውቃለህ?" አለኝ። ሊቲየም ነዋ አልኩት። ሳቀና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር ድንች የመሰለ ነገር ጭቃ ላይ ተበትኗል። በቃ ተቆፍሮ ገና ያልተለቀመ የድንች ማሳ ነው የሚመስለው። ይሄ ውቅያኖስ ወለል ላይ ያለ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ለባትሪ የሚሆን ብረት አለ፣ ኩባንያዎች ሊያፍሱት ተሰልፈዋል አለኝ። ከዚያ ሂሳቡን ከፍሎ ሊወርድ ሲል "በሕግ ያንተም ነው እኮ" ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ያንተም ነው! እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ትልቁ ውሃ ላንጋኖ ነው። ሰውዬው ቀልዶብኝ ነው ወይስ የምሩን ነው?

ሸክላ

ጥቁር ድንች? ለአልጫ ይሆናል?

አለት አንባቢ

ፎቶው እውነተኛ ነው። እኔ ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ ድንጋዩንም በእጄ ይዤው አውቃለሁ። ውጭ በተማርኩበት ቤተ ሙከራ አንድ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሦስት ነበሩ። ስታነሳው ከጠበቅከው ይቀላል። ላዩ ሻካራ ነው፣ ጣትህ ላይ እንደ ከሰል ይለቅብሃል። ለሁለት የተሰነጠቀውን ሳይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፣ መሃሉ ላይ የሻርክ ጥርስ ቁጭ ብሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥርሱ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ውሃው ውስጥና ጭቃው ውስጥ የሟሟው ማንጋኒዝና ብረት ዙሪያውን ይለብሰዋል፣ ኒኬልና መዳብና ኮባልትም አብረው ይገባሉ። ኖዱል ይባላል።

ፍጥነቱን ስነግርህ አትስቅ። በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው የሚያድገው። በሚሊዮን! ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ስትራመድ የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው አይደል፣ ያኔ ይሄ ድንጋይ እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የወፈረው አንድ ሁለት ሳንቲ ቢሆን ነው።

ብዙው ያለው ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ በሐዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን በሚባል ቦታ ነው። ስፋቱ 4.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ኢትዮጵያ በለው። ጥልቀቱ ከ4,000 እስከ 5,500 ሜትር። ራስ ዳሸንን እንዳለ ብታሰምጠው አብዛኛው ቦታ ላይ ጫፉም አይታይ። እዚያ ያለው ኖዱል ወደ 21 ቢሊዮን ቶን ይገመታል። ያወቅነውም ዛሬ አይደለም፣ የእንግሊዞቹ ቻሌንጀር መርከብ በ1870ዎቹ ዓለምን ስትዞር በመረብ ጎትታ አውጥታዋለች።

በሕግ ያንተ ነው አይደለም የሚለውን ለሕግ ሰዎች ትቼዋለሁ።

ፊርማና ማኅተም

ተጠራሁ መሰለኝ።

ሰውዬው አልቀለደብህም። በ1967 አርቪድ ፓርዶ የሚባል የማልታ አምባሳደር ተመድ ላይ ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ማልታ ያኔ ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትንሽ ደሴት። ያለው ነገር በአጭሩ፦ ከአገሮች ወሰን ውጭ ያለው የባሕር ወለል ቀድሞ ለደረሰ ባለ ገንዘብ የሚሆን ባዶ መሬት አይደለም፣ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ነው። ይሄ ቃል በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 136 ሆኖ ገባ። አንቀጽ 140 ደግሞ ላንተ የተጻፈ ነው የሚመስለው፦ ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ለሰው ልጆች ሁሉ ነው፣ አገራቸው ባሕር ቢኖራትም ባይኖራትም፣ የታዳጊ አገሮች ፍላጎት በተለይ እየታየ። ወደብ አልባ የሚለው ቃል ራሱ ተጽፏል።

ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1994 ነው። ቦታውን የሚያስተዳድር ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። መቀመጫው ኪንግስተን፣ ጃማይካ። እስካሁን የሰጠው የፍለጋ ውል ብቻ ነው፣ ወደ 30 ይጠጋል። አውጥቶ ለመሸጥ የሚፈቅድ ውል ለማንም አልሰጠም፣ ምክንያቱም የማዕድን ማውጫ ደንቡ ገና ተጽፎ አላለቀም።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርህ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1982 ፈርማለች። መፈረም ግን ማጽደቅ አይደለም፣ ወረቀቱ ሳይጸድቅ አሥርት ዓመታት ተቀምጧል። ኪንግስተን ገብቶ ድምፅ የሚሰጠው ያጸደቀ ነው። ስለዚህ ቅርሱ ያንተም ነው፣ ስብሰባው ላይ ግን ወንበር የለህም።

ምን አገባን

ወገን ጤነኛ ነን? ሰፈሬ ውሃ ከመጣ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ እናንተ አምስት ኪሎ ሜትር ውሃ ስር ስላለ ድንጋይ ታወራላችሁ።

ጋሽ ምጽዋ

ልጆች፣ ብዙ ጊዜ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን የምለው አለኝ። እኔ ምጽዋ የባሕር ኃይል ልጅ ነበርኩ።

1982 ሲፈረም እኮ ባሕር ነበረን። የፈረምነው ባሕር እንዳለው አገር ነው። ይሄን ወጣቶቹ ስለማታስታውሱት ብዬ ነው። "ምን አገባን" ላለው ልጅ ደግሞ አልቆጣም፣ የውሃ ነገር ያማል፣ ነገር ግን ምን አገባን እያልን ያለፍነው ነገር ብዙ ነው።

ስለዚህ ድንጋይ መጀመሪያ የሰማሁት በ70ዎቹ ነው፣ በጣም የሚያስቅ ታሪክ አለው። የአሜሪካው ከበርቴ ሃዋርድ ሂዩዝ ግሎማር ኤክስፕሎረር የምትባል ግዙፍ መርከብ አሠራ፣ ከውቅያኖስ ወለል ማንጋኒዝ ሊለቅም ነው ተባለ፣ ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ። በኋላ ሲጋለጥ ለካ የሲአይኤ ሥራ ኖሯል! በ1974 መርከቧ የወጣችው ከስድስት ዓመት በፊት የሰመጠ የሶቪየት ሰርጓጅ ልትጎትት ነው። ከፊሉን አወጡት፣ ሌላው ተሰብሮ ተመልሶ ወረደ። ድንጋይ ለቀማው ሽፋን ነበር። እኛ ግን አምነን ነበር፣ መኮንኖቻችን ሁሉ "ነገ ባሕር ይታረሳል" ይሉ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ዳህላክ አጠገብ መልሕቅ ስናነሳ፣ ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ይታይሃል፣ ያችን ታክል መልሕቅ ስትነቀል የሚነሳው ጭቃ ጉድ ነበር። ቁርስ በልተን ስንመለስ ገና አልጠራም። ሰንሰለቱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን እግር ያላቸው እንደ ኮከብ የሆኑ ፍጥረቶች ተጠምጥመው ይወጣሉ። አንድ ጓደኛዬ አንድ በአንድ እያላቀቀ ወደ ባሕሩ ይመልሳቸው ነበር፣ ስንስቅበት "እናንተ ቤታችሁ ቢነቀል?" ይለን ነበር። ያች አንዲት መልሕቅ ናት እንግዲህ። እዚያ በማሽን ሲያርሱት ምን ይሆናል?

ባትሪ ሾፌር

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ የእርስዎን ሳነብ ተሳፋሪ እያስጠበቅኩ ነው። "ምን አገባን" ደግሞ ወንድሜ፣ ውሃው ይመጣል አይዞህ፣ እኛ ሰፈርም አራት ቀን ሆኖታል።

ቀንድ አውጣ

የጋሼን ጥያቄ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሥራዬ እሱ ነው። በርገን፣ ኖርዌይ ነኝ፣ የባሕር ሥነ ሕይወት ነው የምማረው። ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው ጭቃ እየለቀምኩ ነው። ከጥልቅ ወለል የመጣ ጭቃ በወንፊት ይታጠባል፣ ወንፊቱ ከሽሮ ወንፊት ይደቅቃል፣ የተረፈው ሳህን ላይ ይደረግና በአጉሊ መነጽር ስር በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይለያል። ጀርባ ይቆርጣል። እና ምን አለው መሰላችሁ? ትል አለ፣ ከአይብ ፍርፋሪ የሚያንስ ሸርጣን ቢጤ አለ፣ ቅርፊት አለ። ጽሑፍ ብታገላብጡ አብዛኛው ስም የለውም። ጠርሙሱ ላይ የምንለጥፈው የወገኑን ስምና ቁጥር ነው፣ በቃ እንደ እስረኛ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ክላሪዮን ክሊፐርተን ውስጥ 5,578 ዓይነት እንስሳ ይኖራል ብሎ ገምቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ ገና ለሳይንስ አልተሰየመም። እንግዲህ ስም ሳናወጣለት ነው ልናፈርሰው የተነሳነው።

ድንጋዩ ደግሞ ለእነሱ ማዕድን አይደለም፣ መቀመጫ ነው። ወለሉ ሁሉ ለስላሳ ጭቃ ነው እኮ፣ ጠንካራ ነገር ድንጋዩ ብቻ ነው። ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ እሱ ላይ ይበቅላል፣ ኮራል እሱ ላይ ይይዛል። ፔሩ አቅራቢያ ከ4,000 ሜትር በታች የተገኘ ነጭ ኦክቶፐስ አለ፣ ነጭነቱ መንፈስ ያስመስለዋል፣ እንቁላሉን የሚጥለው ድንጋዩ ላይ በበቀለ የሞተ ስፖንጅ ግንድ ላይ ነው። ድንጋዩ ከተለቀመ ግንዱ የለም፣ ግንዱ ከሌለ ማቀፊያ የለም።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል መሰላችሁ? እንደ ቡልዶዘር በሰንሰለት ጎማ ይሄዳል፣ ውሃ እየረጨ ድንጋዩን ከላይኛው ጭቃ ጋር ይመጠዋል፣ ከዚያ በረጅም ቱቦ ወደ መርከብ። በ2022 ሂድን ጄም በምትባል መርከብ ሞክረውታል፣ ቱቦው 4.3 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከ3,000 ቶን በላይ ድንጋይ ወደ ላይ አወጡ። ጭቃው ይነሳል፣ ጋሼ እንዳሉት። ልዩነቱ እዚያ ወንዝ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፣ እንስሶቹም ለንጹህ ውሃ የተፈጠሩ ናቸው። ከመርከቡ የሚመለሰው ቆሻሻ ውሃም ሌላ ደመና ነው።

"ቆይቶ ያገግማል" የሚሉ ይመጣሉ፣ ስለዚህ አስቀድሜ ልመልስ። በ1989 ጀርመኖች ፔሩ ፊት ለፊት ወለሉን በማረሻ አርሰው ትተውት ሄዱ፣ ሆን ብለው፣ ምን እንደሚሆን ለማየት። ከ26 ዓመት በኋላ በ2015 ሲመለሱ የማረሻው መስመር ትናንት የታረሰ ነው የሚመስለው። በ1979 በክላሪዮን ክሊፐርተን የተሞከረ ማሽን ያለፈበትን ደግሞ በ2023 ሄደው አዩት፣ 44 ዓመት ማለት ነው፣ ዱካው አለ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ትንንሽ እንስሳት ተመልሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ ሞቷል አልልም። ድንጋዩን ተደግፈው የሚኖሩት ትልልቆቹ ግን በአብዛኛው የሉም። በምን ላይ ይቀመጡ?

መንዜው

እህቴ ግሩም ነው የጻፍሽው። እኔ ስለ ባሕር አላውቅም፣ ስለ ጋራ መሬት ግን አውቃለሁ። መንዝ ጓሳ የሚባል ቦታ አለን። ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። ግን ዝም ብለህ ገብተህ አታጭድም። ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ከዚያ በቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ተዘግቶ ሳለ የገባ ጉዱ ነው፣ አያቴ ሲነግረኝ ቤቱ ድረስ ሄደው ይቀጡት ነበር ይላል።

ጥያቄዬ ምንድን ነው፣ ጓሳ በአምስት ዓመት ይመለሳል። ይሄ ድንጋይ የማይመለስ ከሆነ የጋራ ነው ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ጊዜ ታጭዶ የሚያልቅ ሣር የጋራ ይባላል?

ፊርማና ማኅተም

መንዜው፣ ይሄን ኪንግስተን ሄደህ ብትናገር አዳራሹ ጸጥ ይልልሃል። ከስምምነቱ ጋር ሃያ ዓመት ብቆይም በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም።

እውነት ላውራ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። እዚህ ሁላችሁም ለትል ታለቅሳላችሁ። ኮባልት ዛሬ ከየት ነው የሚመጣው? ከአሥሩ ሰባቱ ከኮንጎ ነው። ሕፃናት ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ የሚቆፍሩበት ቦታ አለ። ኒኬል ደግሞ ኢንዶኔዥያ ደን እየተመነጠረ ነው። ባሕር ስር ሕፃን የለም፣ መንደር የለም፣ የሚፈናቀል ገበሬ የለም። ለምንድን ነው የአፍሪካ ሕፃን ከትል ያነሰው?

ቀንድ አውጣ

ከትል አላነሰም። ግን ማነው የባሕሩ ሲከፈት የኮንጎው ይዘጋል ያለህ? ሁለቱም አብረው ነው የሚሠሩት፣ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ያው የኮንጎ ቆፋሪ ነው። ስምምነቱ ራሱ ይሄን ፈርቶ በመሬት ላይ የሚያወጡ ታዳጊ አገሮች እንዳይጎዱ የሚል ነገር አስገብቷል፣ ፊርማ ያርመኝ።

ፊርማና ማኅተም

ልክ ነሽ፣ አለ። እንዲያውም ኪንግስተን ውስጥ የአፍሪካ ቡድን ሲከራከር የቆየው በዚሁ ነው፣ ኩባንያዎች ይክፈሉ ተብሎ የቀረበው ቀመር ለሰው ልጆች የሚያስቀረው በጣም ትንሽ ነው፣ ጉዳቱን እኛ፣ ትርፉን እነሱ፣ ብለው።

ቻርጀር

ሰላም። እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለ ባሕር አላውቅም፣ ግን ባትሪ ሾፌርን ላረጋጋው። ወንድም፣ መኪናህ ከቻይና የመጣች ርካሽ ከሆነች ባትሪዋ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ብረትና ፎስፌት ማለት ነው። ኒኬል የለውም፣ ኮባልት የለውም። ኒኬልና ኮባልት ያለው ሌላኛው ዓይነት ነው፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ውድ መኪናዎች ላይ የሚበዛው። በቀን አሥር ባትሪ አያለሁ፣ አብዛኛው ያ ያለ ኮባልቱ ነው። ስለዚህ ያ ሰውዬ ስለ ሕጉ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ስለ መኪናህ ግን ተሳስቷል።

ባትሪ ሾፌር

አቦ ተባረክ! ግን ቆይ፣ ባትሪ ያለ ኮባልት መሥራት ከተቻለ ምን ያስቸኩላቸዋል?

ፊርማና ማኅተም

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ወይም የሚመረው።

ስምምነቱ ሲጻፍ ታዳጊ አገሮች አንድ ነገር አስገቡ። አንድ ሀብታም አገር ቦታ ሲጠይቅ እኩል ዋጋ ያላቸው ሁለት ቦታዎች አጥንቶ ያቀርባል። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለታዳጊ አገሮች ይቀመጣል። የተጠበቀ ቦታ ይባላል። ጥሩ ሐሳብ ነው አይደል? አሁን ያን የተጠበቀ ቦታ ከያዙት አንዷ ናኡሩ ናት። ናኡሩ ማለት 21 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች፣ ወደ 12,000 ሕዝብ ያላት የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ናት። ግን ሥራውን የሚሠራው የካናዳ ኩባንያ ነው፣ ዘ ሜታልስ ካምፓኒ። ናኡሩ ስፖንሰር ናት። ለድሃ የተቀመጠው ምጣድ ላይ የሀብታሙ እንጀራ ተጋገረ በሉት።

በናኡሩ አልፈርድም ግን። የዚያች ደሴት ታሪክ ያሳዝናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ኩባንያዎች ፎስፌት ከላይዋ ላይ ጠርገው ወሰዱ፣ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ እርሻ በዚያ ለማ፣ የደሴቷ መሃል ዛሬ ሾጣጣ የኖራ ድንጋይ ብቻ የቆመበት ነው፣ ሕዝቡ ዳር ዳሩን ነው የሚኖረው። የራሷን መሬት ለማዳበሪያ የከፈለች አገር ናት አሁን ለባትሪ ውል የምትፈርመው።

በ2021 ናኡሩ ስምምነቱ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ መዘዘች፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ደንቡን ጨርሱ፣ አለበለዚያ ያለ ደንብ ማመልከቻ እናስገባለን። ሁለት ዓመቱ በሐምሌ 2023 አለቀ። ደንቡ አላለቀም። በዚህ መካከል ይቁም ወይም ይዘግይ የሚሉ አገሮች በዙ። ፓላው፣ ፊጂና ሳሞአ ጀመሩት፣ ፈረንሳይ ጭራሽ ይከልከል አለች፣ ዛሬ ወደ 40 ይጠጋሉ።

ከዚያ አሜሪካ መጣች። አሜሪካ ስምምነቱን አላጸደቀችም፣ የኪንግስተን አባል አይደለችም። በሚያዝያ 2025 ትራምፕ ትዕዛዝ ፈረመ፣ በ1980 የወጣ የራሳቸው የአሜሪካ ሕግ አለ፣ በእሱ ፈቃድ እንስጥ የሚል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው የካናዳው ኩባንያ በአሜሪካ በኩል ማመልከቻ አስገባ። ለዓመታት በኪንግስተን ደጅ ሲጠና ቆይቶ፣ ዳኛው ሲያመነታ ሌላ ዳኛ ቤት ሄደ ማለት ነው። የባለሥልጣኑ ዋና ጸሐፊ ሌቲሲያ ካርቫልዮ፣ ብራዚላዊት የውቅያኖስ ባለሙያ ናት፣ ተቃወመች። ቻይናም ተቃወመች፣ እሷ ደግሞ ከማንም በላይ ብዙ የፍለጋ ውል የያዘች አገር ናት፣ ስለ ትል ተጨንቃ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ምን አገባን

ተመልሼ መጣሁ (ውሃ አልመጣም)። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሕጉ ሲጻፍ ሁሉም ወንድማማች፣ ጥቅም ሲመጣ ሁሉም በየፊናው። እኔ መጀመሪያም ምን አገባን ያልኩት እኮ ባይገባኝ አይደለም፣ ስለሚገባኝ ነው።

ሸክላ

ኪንግስተን ስትሉኝ ግን እኔ የማስበው ሌላ ነው። ጃንሆይ በ1966 እዚያ ሲያርፉ ራስታዎቹ አውሮፕላኑን ከበው አላስወርድ እንዳሉ ታውቃላችሁ አይደል? እዚያ አገር ለእኛ ሰው ቆሞ እንባ አውጥቷል፣ እኛ አንዲት ወንበር የለንም? ያሳፍራል።

ምዕራብ ነፋስ

አንድ ጥያቄ ለአለት አንባቢ። ለኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ነው። እዚያ የለም እንዴ?

አለት አንባቢ

ድንች የሚመስለው የለም። ግን ሌላ ነገር አለ፣ ለእኔ ከድንቹ የበለጠ የሚገርም። በሳውዲና በሱዳን መካከል ወደ 2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ አትላንቲስ ሁለት የሚባል ጉድጓድ አለ። ከባሕሩ ውሃ በታች ሌላ ውሃ አለ፣ እጅግ ጨዋማ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ። ፍል ውሃ ባሕር ስር ብለህ አስበው። ጭቃው ዚንክ፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ አለበት። ዳሎልን ያየ ሰው ይገባዋል፣ ቀለሙን፣ ጨዉን። ዘመዶች ናቸው፣ መሬት የሚሰነጠቅበት ያው ቦታ ነው፣ አፋር ላይ በየብስ ወጥቶ ቀይ ባሕር ላይ በውሃ ተሸፈነ እንጂ። ሳውዲና ሱዳን በ1974 አብረን እናውጣው ብለው ተፈራርመዋል፣ በ1979 ጭቃውን በቱቦ ስበው ሞክረውታል። እስከ ዛሬ ግን ማዕድን ሆኖ አልተሸጠም።

ፊርማና ማኅተም

እዚያኛው ላይ ድርሻ የለህም፣ አስቀድሜ ልንገርህ። አንድ አገር ከባሕር ዳርቻው 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለው ሀብት የእሱ ነው። ቀይ ባሕር ጠባብ ስለሆነ ሁሉም በባለ ዳርቻዎቹ ተካፍሎ አልቋል፣ የጋራ ቅርስ የሚባል ወለል አልተረፈም። ስለዚህ ሐዋይ አጠገብ ድርሻ አለን፣ አሰብ አጠገብ የለንም።

ጋሽ ምጽዋ

ይሄን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እውነት ላውራ

እሺ፣ ሐቀኛ ልሁን፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒን ነገር ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ቀዝቅዣለሁ። ናውቲለስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ የዚያችን አገር ባሕር ወለል ለመቆፈር በ2011 ፈቃድ አግኝቶ፣ መንግሥት ራሱ 15 በመቶ ገዝቶ ገብቶበት፣ ማሽኖቹ ሁሉ ተሠርተው፣ በ2019 ኩባንያው ከሰረ። አንድ ቶን ሳይሸጥ። ለፓፑዋ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ። ስለ ኮንጎ ያልኩትን ግን አልመልስም፣ እዚያ ያለው ግፍ እንዳለ ነው።

ቀንድ አውጣ

ስለ ኮንጎው አብረን ነን፣ አልጣላህም። የምኖርበት አገር ኖርዌይ ራሱ በጥር 2024 ባሕር ወለሉን ለማዕድን ለመክፈት በፓርላማ ወስኖ ነበር፣ በታኅሣሥ አንድ ትንሽ ፓርቲ በጀቱን አልደግፍም ብሎ ያዛቸውና ፈቃድ መስጠቱ ቆመ። የበጀት ንግድ ነው ያቆመው፣ የትል ፍቅር አይደለም።

ልሄድ ነው፣ ግን ስሜን ያወጣሁበትን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ፍል ውሃው ከወለሉ በሚፈላበት ቦታ፣ እግሩ ላይ የብረት ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ አለ። የምር ብረት አለበት፣ በማግኔት ይሳባል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሌላ እንስሳ አይታወቅም። በ2019 ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ገባ፣ በጥልቅ ባሕር ማዕድን ስጋት ምክንያት የተመዘገበ የመጀመሪያው እሱ ነው። የሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ቢደመሩ አንድ ሰፈር አይሞሉም። ጥሩር ለብሶ የሚኖር ቀንድ አውጣ!

ባትሪ ሾፌር

ዛሬ ጠዋት ቻርጅ ሳደርግ የመኪናዋን መመሪያ አወጣሁ። ቻርጀር ልክ ነህ፣ ፎስፌት ነው የሚለው፣ ኮባልት የለበትም። ደስ አለኝ መሰለኝ።

ፊርማ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ ሰውዬ ድጋሚ ከተሳፈረ ምን ልበለው?

ፊርማና ማኅተም

ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀው። ያን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው ወይ እንደ ቀንድ አውጣ ነው፣ ወይ የሻጩ ወገን ነው።

ምን አገባን

ውሃ መጣ!! ልቅዳ፣ ቻው።